ስም ሳልጠይቅ የቀዳሁት ደም

ጽሑፍ የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው የሰው ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና የራሴ ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ፣ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ተለጣፊ ሌብል ላይ። ይህን ለመጀመር ስሞክር ሁለት ገጽ ቀድጄ ጥያለሁ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋብኛል፤ ወረቀት ፊትም ያው መሆኔን አሁን አየሁ። ግን ከሆዴ ካልወጣ ሰላም አላገኝም፤ ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ደም መቅዳት ነበር። ክሊኒክ ተቀምጬ ሳይሆን ቤት ለቤት እየዞርኩ። ከቤት መውጣት የማይችሉ ሕመምተኞች ዘንድ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፣ ከክንዳቸው እቀዳለሁ፣ ከቀትር በፊት ላብራቶሪ አደርሳለሁ። ስድስት ዓመት ሠርቼ ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ለቀቅኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜ መልቀቅ ጡረታ አይባልም። አሁን ላብራቶሪው ውስጥ፣ ከየቤቱ የመጡትን የደም ቲዩቦች ከፎርማቸው ጋር አመሳክራለሁ። መስኮት የለውም፤ የሰው ፊትም የለበትም። ይሻለኛል።

ቶሮንቶ የመጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ወንድሜ ስፖንሰር አድርጎኝ። ለአዋቂዎች የሚሰጠውን እንግሊዝኛ እየተማርኩ ቢሮ አጸዳ ነበር። አንድ ቀን አብራኝ የምታጸዳ ልጅ፣ የሃይስኩል ወረቀት የሌለው ትልቅ ሰው ፈተና ካለፈ የሚቀበል የግል ኮሌጅ እንዳለ ነገረችኝ። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። ሁለተኛውን አለፍኩ። ደም መቅዳት ልማር መሆኔን ስነግረው ወንድሜ ሳቀብኝ።

“አንቺ? ሰው ሰላም ለማለት የምትሸሺው፣ ሰው በመርፌ ልትወጊ?”

እውነቱን ነበር። ግን መርፌ ከሰላምታ ይቀላል። መርፌ ሲሆን ሰው ራሱ ፊቱን ያዞራል፤ እኔ ክንዱን ብቻ አያለሁ።

ኮሌጁ የላስቲክ ክንድ ላይ አለማመደን። የላስቲክ ክንድ አይንቀጠቀጥም፣ አያለቅስም፣ “ትናንት የመጣችው ልጅ ሦስት ጊዜ ወጋችኝ” ብሎ አይከስም። እውነተኛውን ሥራ ያስተማረችኝ ቨርና ናት። ቨርና የጃማይካ ሴት ናት፣ ያኔ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ የምትኖር። የባቡሩ ግንባታ መንገዱን ዓመት አልፎ ዓመት ቆፍሮ ሲያምሰው፣ መኪናዋን ራቅ አድርጋ አቁማ፣ ቦርሳዋን ተሸክማ ስታዘግም አብሬያት ነበርኩ። ስድስት ሳምንት ከጎኗ ሆኜ አየሁ። እጄ ከእሷ እጅ የተቀዳ ነው ብል አልዋሸሁም።

ቨርና ሰው ቤት ስትገባ ቦርሳዋን መሬት አታስቀምጥም። ወንበር ትለምናለች፣ የራሷን ንጹሕ ፎጣ ታነጥፋለች፣ ከዚያ ነው የምትከፍተው። ሰው ሳትነካ በፊት ትቀመጣለች። ቆሞ የሚወጋ ሰው የቸኮለ ነው ትል ነበር፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ ደም ሥር አያገኝም። የሕመምተኛው እጅ ከቀዘቀዘ የሞቀ ውሃ በኩባያ ታስይዘዋለች። ላስቲኩን ክንድ ላይ ስታስር ቆዳ እንዳይቆነጥጥ በእጅጌው ላይ ታስረዋለች። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። መጀመሪያ ቀን የምትጸልይ መስሎኝ ነበር።

“ቤቢ፣ ደም ሥር በዓይን አይታይም፤ በጣት ነው የሚታየው” አለችኝ። “ተጫኚው፣ ልቀቂው። መልሶ የሚገፋሽ እሱ ነው። የማይገፋሽ ጅማት ነው፤ እሱን ተዪው፣ ደም የለውም።”

የቲዩቦቹን ተራ በከናፍሯ እያንሾካሾከች ትቆጥር ነበር። ሰማያዊ ክዳን ያለው ይቀድማል፤ እሱ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ስላለ እስከ መስመሩ ልክ መሙላት አለበት። ጎደለ ማለት ውጤቱ ውሸት ነው ማለት ነው። ቲዩቡን አትንጥም፤ ሕፃን እንደምታገላብጥ ቀስ አድርጋ አራት ጊዜ ታገላብጠዋለች። ሌብሉን እዚያው፣ ሰውየው ፊት ትለጥፋለች። መኪና ውስጥ ሌብል የሚለጥፍ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም ትል ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ስም ትጠይቃለች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም እሷ አታነብም። “ሙሉ ስምህን ንገረኝ፤ የተወለድክበትንም ቀን” ብላ አፏን ትዘጋለች። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ኤግሊንተን ላይ ከፀጉር ቤት በላይ የሚኖሩ። አንድ ቀን ተቆጧት።

“ቨርና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቴ እየመጣሽ ስሜን አታውቂውም?”

“እኔማ አውቀዋለሁ” አለቻቸው። “አንተ ታውቀው እንደሆነ ነው የምጠይቀው።”

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። መኪና ውስጥ ግን ቨርና አልሳቀችም። ወረቀቱን አላምነውም፣ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አላምነውም፣ የራሴንም ጭንቅላት አላምነውም፣ የማምነው ከሰውየው አፍ የወጣውን ነው አለችኝ። እኔ አዎ አዎ አልኳት። የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

ብቻዬን መሥራት ስጀምር አለቃችን ለአንድ ቤት አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚል ሰው ነበር። ክፍያው መጥፎ አልነበረም፤ ፎርሙ ብዙ ነበር። የፈረንጅ ቤት አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የሐበሻ ቤት ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሰላምታው ነው። አማርኛ ስለምችል የኛን ሰዎች ወደ እኔ መላክ ጀመሩ፤ ጭንቀቴም የመጣው ከዚያ ነው። በር ሲከፈት ቦርሳዬን ይነጥቁኛል። “የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ የት ነው? ሳትቀምሽ አትወጪም” ይሉኛል። መብላት ክልክል ነው ስላቸው ይቀየሙኛል። እዚያ መሀል ቆሜ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት “ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ መቼ ተወለዱ?” ማለት አፌ ላይ ይደርቅ ነበር። በእንግሊዝኛ ለማንም እጠይቃለሁ። በአማርኛ ግን ጥያቄው መጥሪያ ይዤ የመጣሁ ያስመስለኛል።

ፓርክዴል የሚባል ሰፈር አንድ ጋሼ ነበሩ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው የመጡ። ስማቸውንና የልደት ቀናቸውን ስጠይቃቸው ቀና ብለው አዩኝ።

“ሙሉ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ዘመን” አሉ። “ቀጥሎ ደግሞ ‘ማን ላከህ? ከማን ጋር ትገናኛለህ?’ ትይኛለሽ። ቀበሌም እንዲህ ነበር የሚጀምረው።”

ቀልድ ነበር። ግን ክንዳቸው እጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከዚያ ለነገሩ ማሳረጊያ፣ “ወረቀቴ ላይ ጃንዋሪ ዋን ነው፤ እናቴ ግን የወለደችኝ በክረምት ነው፤ የቱን ልንገርሽ?” አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ቀድቼ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የኛ ሰዎች ቤት ስገባ ራሴ ስም መጥራት ጀመርኩ። “እትዬ እገሊት፣ እንደምን አደሩ?” እላለሁ፤ “እግዚአብሔር ይመስገን” ይሉኛል፤ እኔም ስማቸውን የነገሩኝ ያህል እቆጥረዋለሁ። ክብር መስሎኝ ነበር። ቨርና አታየኝም።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ቨርና ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ጡረታ ወጣች። የእሷ ሰዎች ለእኔ ተሰጡ። ከእነሱ አንዷ እትዬ ዘነበች ነበሩ።

እትዬ ዘነበች ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ረጅም አፓርትመንት አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ልባቸው አመታቱ ስለሚዛባ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይወስዳሉ። ኪኒኑ ክፉ መድኃኒት ነው፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ደማቸው ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ ይለካል። ኪኒኑን የማይወስድ ሰው ቁጥሩ አንድ ገደማ ነው፤ የእሳቸው ከሁለት በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። ቁጥሩ ከወረደ ሐኪሙ ደውሎ ኪኒን ይጨምራል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ቨርና ስለ እሳቸው የነገረችኝ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ግራ ክንዳቸው ይሻላል፣ መርፌ ሲያዩ ያለቅሳሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ። ከሦስቱ ኤለቬተር ሁለቱ ተበላሽተው ነበርና ዘግይቻለሁ። በር አንኳኳሁ። ነጠላ የተከናነቡ፣ ፊታቸው ክብ የሆነ ሴት ከፈቱልኝ።

“እትዬ ዘነበች፣ እንደምን አደሩ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ፣ ግቢ የኔ ልጅ፣ ብርዱን ዝጊው።”

ወንበር ተዘጋጅቷል። ሴትየዋ ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ራሳቸው ጠቀለሉ፣ ግራ ክንዳቸውን ሰጡኝ። ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ማን አለ ብዬ አልጠየቅኩም። የሰው ቤት ጉዳይ ነው።

ላስቲኩን አስሬ በጣቴ ስዳስስ ደም ሥሩ ወዲያው ገፋኝ። በአንድ ጊዜ አገኘሁት። ሰማያዊው ቲዩብ እስከ መስመሩ ሞላ። ሴትየዋ አላለቀሱም፤ እንዲያውም መርፌው ሲወጣ “በቃ?” አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላሉ። ጥጡን ተጭኜ አምስት ደቂቃ ልጠብቅ ስል ደሙ ከአንድ ደቂቃ በፊት ቆመ። ክንዳቸው ንጹሕ ነበር። አንድም የመርፌ ቦታ፣ አንድም የጠቆረ ነገር አልነበረበትም። በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ ሰው ክንድ እንዲህ አይሆንም። ዓይኔ አይቶታል። ጣቴም አውቆታል። ሌብሉን ከፎርሙ ገልብጬ ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ፣ ቦርሳዬን ዘጋሁ።

ኤለቬተሩ ውስጥ ፎርሙን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ስማቸውን አልነገሩኝም አልኩ። ተመልሼ ልጠይቅ? “ይቅርታ፣ ቅድም ደም የቀዳሁት ከማን ነው?” እላለሁ? ቀጣዩ ቤት እየጠበቀኝ ነው። መኪናዬ ውስጥ ቲዩቡን አውጥቼ አየሁት፤ ቲዩብ አይናገርም። ምናልባት ቨርና በእጅ ጀርባ ትቀዳ ይሆናል፣ ክንዳቸው ንጹሕ የሆነው ለዚያ ነው አልኩ። ምናልባት ኪኒኑን ሳይወስዱ ቀርተው ይሆናል። ላብራቶሪው ቲዩቡን ሲቀበለኝ እጄ አልለቅም ብሎ ነበር፤ ተቀባዩ ሳብ አደረገው።

ያን ሳምንት እንዴት እንደዋልኩ መጻፍ ይከብደኛል። ረቡዕ ቢሮ ልደውል ስልኩን አነሳሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና አስቀመጥኩት። ሐሙስ “ነገር ቢኖር ይደውሉልኝ ነበር” አልኩ። ዓርብ ፎቁ በሩቅ ሲታየኝ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ስም አለመጠየቄን ብዙ ሰው ይቅር ሊለው ይችላል። ስድስት ቀን ዝም ማለቴን ግን እኔ ራሴ ይቅር አላልኩትም።

ሰኞ ከሰዓት የማግስቱ የቤቶች ዝርዝር ስልኬ ላይ መጣ። የመጀመሪያው ስም እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ተራቸው ገና ሳይደርስ። ከጎኑ ሐኪሙ ያዘዘው ተጽፏል፤ ቁጥሩ በጣም ወርዶ ስለተገኘ ኪኒኑ ተጨምሯል፣ እንደገና ይመርመር ይላል። ኤግሊንተን ላይ መኪናዬን ጥግ አስያዝኩ። ቢሮ አይደለም የደወልኩት፤ ቨርና ጋ ነው። ነገሩን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ስለ ክንዱ ንጽሕና፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ውሃው ድምፅ ሁሉ አወራሁ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“ስሟን ስትጠይቂያት ምን አለችሽ?”

“አልጠየቅኳቸውም።”

“ስልኩን ዝጊና ቢሮ ደውዪ። አሁን ከእኔ ጋር የምታጠፊው ጊዜ የሴትየዋ ነው” ብላ እሷው ዘጋችው።

ደወልኩ። አዲሷ አለቃችን ሊንዳ ትባላለች። የተሳሳተ ሰው ሳልቀዳ አልቀረሁም አልኳት። “ይመስልሻል ወይስ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። አላውቅም አልኩ። እሷ ለሐኪሙ እንደምትደውል፣ እኔ አሁኑኑ ቤቱ ሄጄ እንዳይ፣ ኪኒን እንዳይወስዱ እንድነግራቸው አዘዘችኝ።

በሩን የከፈቱልኝ እነዚያው ሴት ናቸው። “እንዴ፣ ተመለስሽ? ነይ ግቢ” አሉ ደስ ብሏቸው። ከጀርባቸው ሶፋው ላይ ሌላ ሴት ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደሳቸው ክብ ነው፣ ግን ገርጥቷል። አፍንጫቸው ላይ መሀረብ ይዘዋል፤ መሀረቡ ቀይ ነው። አጠገባቸው ሌላ ሁለት መሀረብ አለ።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ሶፋው አጠገብ ተንበረከክኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። “እናቴ፣ ሙሉ ስምዎንና የልደት ቀንዎን ይንገሩኝ።”

ነገሩኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ነበር።

ከኋላዬ ያሉት ሴት ሳቁ። “አሁን ደግሞ የሷን ልትቀጂ ነው? የኔን ወስደሽ የለም እንዴ? ምን አነሰሽ?”

በላይነሽ ይባላሉ፤ የእትዬ ዘነበች ታላቅ እህት ናቸው። ከካልጋሪ ከተማ መጥተው እህታቸው ዘንድ መኖር ከጀመሩ ገና አንድ ወር አልሞላቸውም። እዚያው ቆመው ሁሉንም አጫወቱኝ። ዘነበች በዋዜማው ክንዷን እያሻሸች አልቅሳለች። ወግተው ወግተው አጥቁረዋታል፣ ሰውነቷ አልቋል። በማግስቱ እሷ ስትታጠብ እኔ መጣሁ። ታዲያ ደክሞኝ መጥቼ ባዶ እጄን ከምመለስ፣ እሷም ከምትወጋ ብለው ክንዳቸውን ሰጡኝ።

“የአንድ እናት ልጆች ነን” አሉኝ። “ደሙ ያው ደም ነው። እንዲያውም የኔ ይሻላል፣ እኔ በሽታ የለብኝም።”

እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ መሀረቡን ከአፍንጫቸው አነሱና እህታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ኪኒን የተጨመረባቸው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ረቡዕ ነው አሉ። ሽንት ቤት ሲሄዱ ጥቁር ነገር አይተው እንደሆነ ጠየቅኩ፤ ከትናንት ጀምሮ አሉ። እጅጌያቸውን ስሰበስበው ክንዳቸው ላይ እኔ ጣቴን ያሳረፍኩበት ሳይቀር ይጠቁራል። አምቡላንስ ጠራሁ።

እስኪመጡ ድረስ እትዬ በላይነሽ ምን ሆና ነው ይሉኛል። ኪኒኑ በዝቶባቸው ነው አልኩ። “እነዚህ ሐኪሞች!” አሉና በሩ ድረስ እየተመላለሱ ሐኪሞቹን ረገሙ። የአምቡላንሱ ልጆች ሲገቡ አንዱን ክንዱን ይዘው፣ ደም ካነሳት ከኔ ይቀዳላት በይልኝ አሉኝ። ተረጎምኩለት። ልጁ በትሕትና አመሰገናቸው።

እትዬ ዘነበች ሆስፒታል አሥር ቀን ቆዩ። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣቸው። እኔ ከሥራ ታገድኩ። ሊንዳ ጠርታኝ የአደጋ ሪፖርት ሰጠችኝ፤ ክፉ ሴት አይደለችም። አንዱን ጥያቄ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችኝ። ሌላ ሰው ሕመምተኛዋ ነኝ ብሎ ቀርቦ ነበር ወይ ይላል። “የሆነው ይህ ከሆነ ጻፊው። ያግዝሻል” አለችኝ። እስከ ሐሙስ እንዳስብበት ወረቀቱን ይዤ እንድሄድ ፈቀደችልኝ።

ረቡዕ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ብቻቸውን ነበሩ። ተንበርክኬ እግራቸው ሥር ይቅርታ ልለምን ስል ነርሷ የወደቅኩ መስሏት ሮጠች። እትዬ ዘነበች በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቁ። ወንበር ሳቢ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስድስቱን ቀንም አልደበቅኩም። በሩን አየት አደረጉ።

“በላይነሽ ታውቃለች?”

“አያውቁም። ኪኒኑ በዛ ነው ያልኳቸው።”

“እሷ ናት ያሳደገችኝ” አሉ። “እናታችን ስትሞት ገና ጡት አልተውኩም ነበር። ሳትማር የቀረችው እኔን አዝላ ነው። ሊገድለኝ የነበረው የሷ ደም መሆኑን ከሰማች እኔ ድኜ እሷ ትሞታለች።” ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “ጥፋቱ ያንቺ ይሁን። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትችይዋለሽ።”

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ደግሞስ ውሸት አልነበረም፤ እትዬ በላይነሽ ዘነበች ነኝ ብለው አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኳቸውማ። ሐሙስ ዕለት ሊንዳ ባሳየችኝ ጥያቄ ሥር “የለም” ብዬ፣ ከታች “ስም አልጠየቅኩም” ብዬ ጻፍኩ። ወር ታገድኩ፣ እንደገና ሥልጠና ገባሁ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ገባ። እትዬ ዘነበች ሌላ ሰው አልፈልግም ብለው ቢሮ ስላስደወሉ ግን ተመልሼ ወደ እሳቸው ተላክሁ።

ስመለስ እትዬ በላይነሽ በሩን ከፍተው ሰላምታ ሳይሰጡኝ ፊታቸውን አዞሩ። እህታቸው፣ ልጅቷ ቲዩቡን ከሌላ ሰው ጋር አሳስታው ነው ብለዋቸዋል። እትዬ በላይነሽም የገባቸው በራሳቸው መንገድ ነው። የሳቸውን ንጹሕ ደም ወስጄ፣ መንገድ ላይ ከማን ጋር እንደቀላቀልኩት እግዜር ይወቀው። ባላበላሸው ኖሮ እህታቸው በዳኑ ነበር። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከራሷ ከዘነበች ብቻ ይቀዳ ያለውም እኔን ስላላመነ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ወንበሩ ጀርባ ይቆማሉ። ሌብሉን ስጽፍ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ይላሉ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን እጄን ያያሉ።

“ዛሬስ የማንን ስም ጻፍሽ?”

“የእትዬ ዘነበችን።”

“እናያለን።”

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ቀን ሌላውን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል ያደርጉታል። ከዚያ በላይ አንናገርም። ስሙን ግን እያንዳንዱን ጊዜ እጠይቃለሁ፤ እዚያም፣ የፓርክዴሉ ጋሼም ቤት፣ የትም። ጋሼ አንድ ቀን “ይህች ልጅ ጠንክራለች” አሉ። አልጠነከርኩም። ጠይቄ፣ ሰምቼ፣ ጽፌ፣ ለጥፌ ስወጣ ኤለቬተሩ ውስጥ እንደገና አነባለሁ፣ መኪና ውስጥ አነባለሁ፣ ግማሽ መንገድ ሄጄ ቆሜ አነባለሁ። በኋላ በኋላ ከላብራቶሪ ተመልሼ ሰው በር አንኳኩቼ “ቅድም እርስዎ ነበሩ አይደል?” ማለት ጀመርኩ። ሰዎች ፈሩኝ። ሊንዳ የውስጥ ሥራ ተከፍቷል ስትለኝ ተቀበልኩ።

ይህን አሁን መጻፍ የቻልኩት እትዬ በላይነሽ እኔ ከለቀቅኩ በኋላ፣ ባለፈው በጋ ስላረፉ ነው። በሰላም፣ በእንቅልፋቸው። ከአርባቸው በኋላ እትዬ ዘነበች ደውለው “አሁን የፈለግሽውን ማለት ትችያለሽ” አሉኝ። ስሞቹን ቀይሬአለሁ፤ የቀረው እንዳለ ነው።

እትዬ በላይነሽ ገና በሕይወት ሳሉ፣ በረዶው በቀለጠበት ሰሞን፣ የመጨረሻው የቤት ለቤት ሥራ ቀኔ ማክሰኞ እንዲሆን የለመንኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘነበችን ቀዳሁ፣ አምስት ደቂቃ ጥጡን ያዝኩ፣ ከእንግዲህ ሌላ ልጅ እንደምትመጣ ነገርኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ እትዬ በላይነሽ ከኋላዬ መጡ። አንድም ቀን ሸኝተውኝ አያውቁም። ነጠላቸውን እያጣፉ እስከ ኤለቬተሩ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ቁልፉን እሳቸው ተጫኑልኝ። በሩ ሲከፈት ገባሁና ዞርኩ፤ ለስንብት አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። እሳቸው በሩን በእጃቸው ያዙት።

“እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬሻለሁ” አሉኝ። “ሌላ ሰው ላይ ግን እንዳትደግሚው።”